ፓድሬ አማሮ ቤቴል ሲገባ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያንን ፊልም እትዬ ሳሎን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ጊዜው 2001 ዓ.ም. ነው። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት፣ ከጦር ኃይሎች ቤቴል ለመግባት ታክሲ በትከሻ የሚታገሉበት ዘመን። ያኔ ባቡሩም የለም፤ ጦር ኃይሎች የባቡር መጨረሻ የሆነው በ2008 ነው። እኔ ቤቴል ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አከራዬን ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ያላገቡ፣ ያልወለዱ፣ የእህታቸውን ልጅ አሳድገው ለወግ ያበቁ፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ ለየቤቱ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የቤት ኪራይ በአፋቸው ጠይቀውኝ አያውቁም። ወር ሲሞላ በሬ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በቃ፣ እሱ ነው ደረሰኙ።

ቴሌቪዥኑ የእሳቸው፣ ዲቪዲው የእኔ ነበር። ቅዳሜ ማታ ዲቪዲዬን ታቅፌ ሳሎን እገባለሁ፣ እሳቸው ቡና ያፈላሉ፣ የእህታቸው ልጅም አራስነቷን ገና የጨረሰች ስለነበረች ሕፃኗን ታቅፋ ትመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ የምናየው የአማርኛ ፊልም ነው፤ ሲጠፋ የህንድ። ያን ቀን ግን ፊልም አከራዩ ልጅ «ይቺን ውሰድ፣ የቄስ ፊልም ናት፣ ለኦስካር ታጭታለች» አለኝ። የቄስ ሲለኝ መንፈሳዊ መስሎኝ ነው ብዬ ለእትዬ ምያለሁ። ለእናንተ ግን አልዋሽም። ሽፋኑን ሳይ መንፈሳዊ እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር።

ፊልሙ የሜክሲኮ ነው። (እትዬ «ሜክሲኮ» ስላቸው መጀመሪያ የመጣባቸው አደባባዩ ነው። «እዚሁ ነው የተሠራ?» ብለው ተጠጉ።) ርእሱ «የአባ አማሮ ወንጀል» እንደ ማለት ነው። ካርሎስ ካሬራ የሚባል ዳይሬክተር ሠርቶት በ2002 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የታየ ሲሆን፣ የተወሰደው ኤሳ ደ ኬይሮሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ በ1875 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ጋኤል ጋርሲያ በርናል የሃያ አራት ዓመት አዲስ ቄስ ሆኖ ይተውናል። ጳጳሱ ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ይልኩታል። እዚያ አሜሊያ የምትባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ ሕፃናትን ሃይማኖት የምታስተምር፣ ቤተ ክርስቲያን የማትለይ። ንስሐ ልትገባ ትመጣለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ወሬው በስፓኝ፣ ከሥር የሚጻፈው በእንግሊዝኛ፣ እትዬ የሚሰሙት በእኔ አማርኛ ነው። አስተርጓሚ ትልቅ ሥልጣን አለው። ያሻኝን ጨመርኩ፣ ያሳፈረኝን ዘለልኩ። እትዬ ግን ቀላል ሰው አይደሉም።

«እሱ ይህን ያህል ሲያወራ አንተ ‹እሺ› ብለህ ብቻ ዝም ትላለህ?»

«እያባበላት ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ ዓይኔ ነገረኝ። በምን እያባበላት እንደሆነ ንገረኝ ነው የምልህ።»

በዚህ መሀል በር ተንኳኳ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ናቸው፤ ሕፃኑን ጠበል ሊረጩ ኖሯል የመጡት። በዚያች ቅጽበት በቴሌቪዥኑ ላይ ምን እየታየ እንደነበር ልንገራችሁ? አማሮ ለእመቤታችን ሐውልት የተሰፋውን ሰማያዊ መጎናጸፊያ አሜሊያን አልብሷት፣ ከእመቤታችንም አንቺ ታምሪያለሽ እያላት። በሜክሲኮ ሰዉን ካስቆጡት ትዕይንቶች አንዱ ይሄ ነበር። ቤቴልም መምሬ የደረሱት በእሱ ላይ ነው። ሪሞቱ የት ገባ? እትዬ ተቀምጠውበታል።

መምሬ ተሳለሙ፣ ተቀመጡ፣ አዩ። «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ቄስ ነው አባቴ» አሉ እትዬ፣ ምንም ሳያፍሩ። «የካቶሊክ።»

«የካቶሊክ ነው? ደህና» አሉና መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተመቻቹ። እስከ መጨረሻው አልተነሡም።

እትዬ አንድ ነገር አልገባቸውም ነበር። «አንተ፣ ወደዳት፤ ወደደችው። ለምን አያገባትም?» የካቶሊክ ቄስ እንደማያገባ ነገርኳቸው። ለነገሩ የሮም ሥርዓት የሚከተለው ቄስ ነው እንጂ ምሥራቃውያን ካቶሊኮች ዘንድ ያገባ ሰው መቀሰስ ይችላል። ሮም ራሷም ብትሆን የካህናትን ጋብቻ ጨርሳ ፈራሽ ያደረገችው በ1139 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ነው። መምሬ በዚህ ላይ ሰፊ ትምህርት ሰጡን። በእኛ ዲያቆኑ አስቀድሞ በተክሊል ያገባል፣ ከዚያ ይቀስሳል። ከቀሰሰ በኋላ ግን ማግባት የለም፤ ሚስቱ ብትሞትበትም ሌላ አያመጣም፣ ይመነኩሳል ወይም ብቻውን ይኖራል። ጳጳስ የሚሆነው ከመነኮሳት ወገን ነው። «ይህ ልጅ እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ» አሉ ወደ አማሮ እየጠቆሙ፣ «መጀመሪያውኑ አግብቶ ይገላገል ነበር።»

እትዬ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ሁሉም አይገላገልም፣ አባቴ።»

አሜሊያ አረገዘች። አማሮ ልጅቷን ከቤተ ክህነቱ ጋር አስቀምጦ መዘነና ቤተ ክህነቱ ከበደበት። በድብቅ ወደ አንድ ቦታ ይዟት ሄደ። ልክ እዚያ ላይ፣ ዕጣ ነው መቼም፣ ፈረቃችን ደረሰ። ድርግም።

ሻማ ተለኮሰ። መምሬ ሰዓታቸውን አዩና «ትንሽ ልያት» አሉ። ማንም አላወራም። ቡናው ሁለተኛ ሲወርድ እትዬ ወደ ማንም ሳያዩ ጀመሩ።

ጎጃም ነው ያደጉት። ቤታቸው አጠገብ ዜማ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዲያቆን ምንጭ ዳር ያገኛቸዋል። ሁለት ዓመት፣ ማሰሮ እስኪሞላ ድረስ ያህል ብቻ እየተገናኙ። ልጁ ግን የስለት ልጅ ነው። እናቱ ከእሱ በፊት ሦስት ቀብረዋል። እሱ ሲወለድ «ይህን ካተረፍክልኝ ያንተ ነው፤ ዓለም አያውቀውም፤ ገዳም አስገባዋለሁ» ብለው ተስለዋል። ተረፈ። ስለዚህ ከተወለደ ጀምሮ ባለቤት አለው። ለእትዬ መጀመሪያ የነገራቸው ነገር፣ እወድሻለሁ ከማለቱም በፊት፣ «እኔ የሰው ገንዘብ ነኝ» የሚል ነው።

በመጨረሻ ለእናቱ ነገራቸው። አግብቼ ልቀስስ፣ እሱም አገልግሎት ነው አለ። ሕጉ ይፈቅዳል፣ መምሬም አሁን ነግረውናል። ግን እናትየው በዚያው ሰሞን በንዳድ ወደቁ። መንደሩ ወዲያው አወቀ፦ ስለቱ ነው። ልጁ በሌሊት ወጣ። ገዳም ገባ፣ ቆብ ደፋ፣ እናትየው ዳኑ።

«ንዳድ መቼም በክረምት ማብቂያ ይመጣል፣ ይሄዳል» አሉ እትዬ። «ለመንደሩ ግን እኔ ነበርኩ ንዳዱ። ‹ስለት አስደፋሪ› አሉኝ። ምንጭ ስወርድ ሌሎቹ ማሰሯቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። የሚጠይቀኝም ጠፋ። ማን የእግዚአብሔርን ዕቃ የነካች ሴት ያገባል? አክስቴ ናት ወደዚህ ያመጣችኝ።»

መምሬ ጉሮሯቸውን አጸዱ። «እሱስ… ልጁስ እንዴት ሆነ?»

«በሦስት ዓመቱ ሞተ አሉ።»

«አይ ምስኪን።»

«እሱ ቆቡ ነበረው፣ አባቴ» አሉ እትዬ። «እኔ ምን ነበረኝ?»

መምሬ መስቀላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ያዙት፣ ምንም አላሉም። ያን ምሽት ካደረጉት ነገር ሁሉ በጣም የወደድኩላቸው ይህን ዝምታ ነው።

የፊልሙን መጨረሻ ያየነው በማግስቱ መብራት ሲመጣ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ። መምሬም ተገኙ። አሜሊያ ደም እየፈሰሳት፣ ወደ ሐኪም ስትወሰድ መንገድ ላይ ትሞታለች። ከተማው ያስረገዛት የድሮ ወዳጇ ነው ብሎ ያምናል፤ አማሮም ዝም ይላል። ከዚያ ለብሶ፣ ካባውን ደርቦ፣ በሬሳ ሳጥኗ ፊት ቆሞ ጸሎቱን ይመራል። መምሬ እጅግ ተቆጡ፦ «ሥልጣኑ ፈርሷል እኮ! በምን ሥልጣኑ ነው የሚቀድሰው?» እትዬ ስለ ሥልጣኑ አልጠየቁም። የጠየቁኝ «ልጅቷ ስትሞት የገዛ ስሟን ይዛ ነው የሞተች?» ብለው ነው። ምን ብዬ ልተርጉመው? የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ስለዚህ የሚለው ነገር አልነበረም።

በኋላ ስለ ፊልሙ ሳነብብ እትዬ ትዝ አሉኝ። በሜክሲኮ ስንት ጉድ ተነሥቷል መሰላችሁ። በ2002 እ.ኤ.አ. ክረምት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ አገሪቱን ሊጎበኙ ስለነበር የፊልሙ መክፈቻ ከጉብኝቱ በኋላ እንዲሆን ተገፋ። ጳጳሳት አወገዙት፣ ማኅበራት ይታገድ አሉ። ውግዘት ደግሞ እንደምታውቁት የነጻ ማስታወቂያ ነው፤ በዚያ ዘመን በአገሪቱ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ብዙ ገቢ ያስገባው እሱ ሆኖ አረፈ። ከዚያ በፊትም በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች አንድ ቄስና አንዲት ልጅ የሚዋደዱበትን «ዘ ቶርን በርድስ» በቴሌቪዥን ማሳየት የጀመሩት በሆሳዕና ዕለት ስለነበር እዚያም ቅሬታ ነበር። ሁሉም ክርክር ግን ስለ ቄሱ ነው። ቄሱ ተዋረደ ወይስ አልተዋረደም? ቤተ ክርስቲያን ተሰደበች ወይስ እውነቱ ተነገረ? አንዱ ካባውን ይጎትታል፣ ሌላው ካባውን ይሸፍናል። በሳጥኑ ውስጥ ያለችው ልጅ የማንም አጀንዳ አይደለችም።

እኛስ? እኛ ዘንድ የዚህ ታሪክ ጌታ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ያልሰማው የለም። በዛብህን ሁላችንም የምናውቀው በድህነቱና በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው። ከፊታውራሪ መሸሻ በፊት ግን ሌላ አጥር ነበር። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው ከሕመም እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር የሰጡት የስለት ልጅ ነው። ገና ሳይናገር ሌሎች ስለ እሱ ተናግረው ጨርሰዋል። ሐዲስ ይህን ሲጽፉ ከአየር አልዘገኑትም። መጽሐፉ በታተመበት ዘመን ገደማ ነው እኮ እትዬ እዚያው ጎጃም ውስጥ ማሰሮ ይዘው ምንጭ ዳር የቆሙት። እሳቸው ግን መጽሐፉ ውስጥ የሉም።

የሰፈራችንን ስም አስባችሁት ታውቃላችሁ? ታክሲው ረዳት በቀን መቶ ጊዜ ይጠራዋል። ቤቴል ማለት የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ያዕቆብ ከወንድሙ ሸሽቶ ሲሄድ ድንጋይ ተንተርሶ የተኛበት፣ መሰላሉን ያየበት ቦታ። በነጋታው ድንጋዩን ሐውልት አድርጎ አቆመና ተሳለ፦ በመንገዴ ከጠበቅኸኝ፣ እንጀራና ልብስ ከሰጠኸኝ፣ በሰላም ከመለስኸኝ፣ ከምትሰጠኝ ሁሉ ዐሥራት እከፍላለሁ። ልብ በሉ፤ የሚለምነውም እሱ፣ የሚከፍለውም እሱ። ዮፍታሔ ደግሞ ለጦርነት ድሉ ተሳለና ከፋይዋ ልጁ ሆነች። ሁለቱም ያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አሉ። በእርግጥ ሐናም ሳሙኤልን ተስላለች፣ እመቤታችንም በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ የገባችው በወላጆቿ ስእለት ነው፤ ታኅሣሥ 3 በዓታን የምናከብረው ለዚህ ነው። ስለዚህ እናት ልጇን ለምን ተሳለች ብዬ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። ሦስት የቀበረች እናት ሌላ ምን አላት? እትዬ ራሳቸው ስለዚያች ሴት አንድም ክፉ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የእህታቸው ልጅ ሕፃን ታመመ። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሆስፒታል አስተኙት። እኔ ከሥራ ስወጣ ፔርሙዝና አንሶላ ይዤ የምመላለሰው ሰው ነበርኩ። በሦስተኛው ሌሊት ሕፃኑ ባሰበት፤ ኦክስጅን አደረጉለት፣ እኛን አስወጡን። እናቱ ኮሪደሩ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ነጠላዋ ወድቋል። እጇን ዘርግታ «መድኃኔዓለም፣ ይህን ብቻ ካተረፍክልኝ ያንተ ነው! ላንተ ሰጥቼሃለሁ! ዓለም አያው…»

እትዬ አፏን በመዳፋቸው ያዙት። በጥፊ የመቷት ነው የመሰለኝ። ነርሷ ሳትቀር ዞረች።

«ተይ! የራስሽን ስጪ!»

«ምን አለኝ እትዬ? ምን አለኝ?» ታለቅሳለች።

«ጉልበት አለሽ። ጸጉር አለሽ። ያንገት ሐብል አለሽ። እሱን ስጪ። ልጁ አፍ ሲያወጣ የራሱን ይሳል።»

«ሐብል ይበቃል እንዴ ለልጅ?»

«እሱ ነጋዴ አይደለም፣ አይከራከርሽም።»

እዚያው ሲሚንቶ ላይ ሆና ሐብሏን ፈታች። በየወሩ በ27 ከቤቴል ቀራንዮ መድኃኔዓለም በባዶ እግሯ እንደምትሄድ ተሳለች። እትዬ ከጎኗ በርከክ አሉ። ጉልበታቸው ደህና አልነበረም፣ ሲነሡ እኔ ነኝ የደገፍኳቸው። ጠዋት ላይ ሕፃኑ ጡት ፈለገ። በመርፌው ይሁን በሐብሉ እኔ አልፈርድም፤ ሐኪሙና መድኃኔዓለም ይተዋወቁ።

ሴትየዋ ስእለቷን ከፈለች። ዝናብ ሆነ ጭቃ፣ በ27 ጫማዋን በፌስታል ይዛ ስትሄድ አያታለሁ። አንዴ ጠጠር እግሯን ቆርጧት እያነከሰች ስትመለስ እትዬ በር ላይ ቆመው ያዩዋት ነበር። «ያምማል?» አሏት። «ያምማል» አለች። «ጥሩ። አንቺን ነው የሚያመው» ብለው ውኃ ሊያሞቁ ገቡ።

ቤቴልን ከለቀቅሁ ቆየሁ። ግን እትዬን መጠየቅ አልተውኩም፤ አሁን ወደ ሰማንያ ተጠግተዋል። በ2017 ዓ.ም. ሰውመሆን ይስማው ያዘጋጀው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር የቤቱ ሁሉ ወሬ እሱ ሆነ። ያ ሕፃን አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ጎርንኗል፣ ጸጉሩን ከጎን ተላጭቷል፣ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ከማን ጋር እንደሚያወራ ማንም አይጠይቀውም። ድራማውን በስልኩ ለእትዬ የሚከፍትላቸው እሱ ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ የሚሆነውንም ይተርክላቸዋል። ሥልጣኔን ወስዶብኛል ማለት ነው።

በኋላ በድራማው ላይ የቅጂ መብት ክርክር ተነሥቶ ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱ የተሰማ ሰሞን ሄጄ ነበር። ልጁ ነገራቸው።

«እትዬ፣ ድራማው እኮ ተከሰሰ።»

እትዬ ከስኒያቸው ቀና አሉ። «ማን ከሰሰ? ልጅቷ ናት?»

«የቷ ልጅ?»

«ሰብለ ነቻ!»

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ እትዬ! እሷ ልብ ወለድ ናት። የመብት ጉዳይ ነው።»

«ታዲያ እኔስ» አሉ ስኒያቸውን ለሦስተኛው እያቀበሉት፣ «ምን አልኩ?»